ሽማግሌ የላከችብኝ አዘጋጅ

ስማኝማ አቤል፣ ይቺ ጽዮን የምትባል አዘጋጃችን አንድ ቀን ትገድለኛለች። ለትያትር ባለሙያዎች የአመራር ሥልጠና ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አለ አላልሁህም? ዛሬ ገምጋሚዎቹ ባሕር ዳር መጡልህ። ልምምድ ስትመራ አይተው ነው የሚወስኑት። እሷ ደግሞ ይሄን ዕድል ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

እኔ ሽማግሌ ተልኮበት አልታረቅም ያለ አባት ሆኜ እየሠራሁ ነው። ረጅሙን ንግግሬን በሰው ፊት ቆረጠችው። «ይሄ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም፣ ዳኜ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። የለበስሁትን ጋቢ ወርውሬ፣ «ሌላ አባት ፈልጊ» አልሁና ወጥቼ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ጣና ዳር ቆምሁ። የእውነቴን ነው፣ ትቼ ልሄድ ነበር።

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ «ሽማግሌዎች፣ ተከተሉት» አለቻቸው። ተዋንያኑ ነጭ ጢማቸውን እንደለጠፉ፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡብኝ። «ስለ እመቤታችን ብለህ ተመለስ፣ ልጄ» ይለኛል የገዛ እኩያዬ። ጀልባ የሚጠብቁ ሰዎች ሳይቀሩ የምር መስሏቸው፣ «ኧረ ሽማግሌ አታስለምን» ብለው ተቆጡኝ። ምን ላድርግ፣ ታረቅሁ።

ስመለስ ገምጋሚዎቹ በር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። ትልቋ ሴትዮ፣ «ከዚህ በላይ ማየት አያስፈልገንም፣ ድጋፉ ያንቺ ነው» አሏት። ምን ሊያስተምሯት እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ወደ እኔ እያዩ፣ «ይሄን ቁጣ ግን ምን ያህል ብትለማመዱት ነው?» አሏት።

ጽዮን ፈገግ እንኳ አላለችም።

«እሱ እኛ ዘንድ ከመጣ ጀምሮ በየቀኑ ነው የሚለማመደው» አለቻቸው።