ስላልያዘኝ ስኳር

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ዛሬ እኔም ልመስክር ብዬ ወጣሁ። ሌላው ከሕመሙ ተፈውሶ ይመሰክራል፤ እኔ ስላልያዘኝ በሽታ ልናገር ነው። አትሳቁ እንጂ!

የእናቴን ዓይን ስኳር ነው የወሰደው። የበኩር ልጄን ስወልድ ፊቱን በጣቷ እየዳሰሰች፣ "አፍንጫው የማን ነው?" ትለኝ ነበር። ያን ጣቷን እስካሁን እናፍቀዋለሁ።

ጌታን ስቀበል ጠላና አረቄ ተውኩ፤ ስሙ ይባረክ! ግን አገራችንን ታውቁት የለ? ቡሬ ሰርግ ብጠራ፣ ማንኩሳ ክርስትና ብሄድ፣ "ለጴንጤዋ ለስላሳ አምጡላት!" ነው። አንዱ ጠርሙስ ሳያልቅ ሌላው ይከፈታል። ካላሰከረኝ ምን አለበት እያልኩ እጠጣለሁ። እዚህም ፕሮግራም ሲኖር ያው ለስላሳ ነው፤ እንተዋወቃለን!

ድካም ሲበዛብኝ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሟ የእናቴን ጉዳይ ጠይቃኝ፣ "አንቺን ገና አልያዘሽም፤ ግን ተቃርበሻል። ለስላሳውን ተይ፣ ክብደት ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ። ሊቀርልሽ ይችላል" አለችኝ።

ሊቀርልሽ ይችላል! ለእናቴ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። "ጌታ ሆይ፣ የልጅ ልጄን ፊት በዓይኔ ልየው" አልኩት።

በአንዴ ይፈውሰኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን መንገድ አስጀመረኝ። ለስላሳውንም ባጃጁንም ትቼ እህል ወደምሸጥበት በረንዳ በእግሬ እየዘመርኩ እሄዳለሁ። ኋላ ስመረመር ሐኪሟ፣ "ስኳርሽ ወርዷል፤ መመርመሩን ግን እንዳትተይ" አለችኝ። ሃሌሉያ!

አሁን የሚያንገበግበኝ የታላቅ ወንድሜ፣ የጋሼ ሙሉ፣ ጉዳይ ነው። ማንኩሳ የሚያርሱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከእናቴ ቤት የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። "ጋሼ፣ እርስዎም የእሷ ልጅ ነዎት፤ ይመርመሩ" ስላቸው፣ "ጠላችንን ንቀሽ ለስላሳ ስትጋቺ ያመጣሽው ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?" ይሉኛል። ስንት ለመንኳቸው መሰላችሁ!

ትናንት ግን ደወሉ። "ሰኞ ፍኖተ ሰላም ገበያ እወጣለሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ከቆምሽ እገባለሁ፤ ብቻዬን ግን አልገባም" አሉኝ።

ይመጡ ይሆን? አላውቅም። ጌታን ታምኜ እቆማለሁ። እናት አባታችሁ ስኳር ያለባቸው ወገኖቼ፣ እናንተም ፈርታችሁ አትቅሩ። ኑ፤ በሩ ላይ አለሁ፣ አብረን እንገባለን።