ወዳጨበጨብንለት ሐውልት

ዓርብ ንጋት፣ ዌምብሊ፣ ለንደን

ከቤት ስንወጣ ገና ጎሕ አልቀደደም። መንገዱ በዝናብ ርሷል፣ ከአንዲት ዳቦ ቤት በቀር የተከፈተ ሱቅ የለም። ባለቤቴ አስካለ ሻንጣዋን እራሷ ትጎትታለች። አምጪው ብላት እንቢ አለች። ሁለት ሌሊት አድረን ለምንመለስ ሰዎች ካርዲጋንና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፣ እሷ ግን ምን እንደያዘች አልነገረችኝም።

መኪናውን የምትነዳው ልጃችን ሜሮን ናት። ቲኬቱንም ሆቴሉንም ቡክ ያደረገችው እሷ ናት።

«አባዬ፣ ቡዳፔስት እኮ ቆንጆ ሲቲ ነው። ወንዝ አለ፣ ፍል ውሃ አለ፣ ጀስት ሪላክስ አድርጉ።»

«ፍል ውሃማ አዲስ አበባ ጠግቤ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«እኔ ፓሪስ ነበር ያልኩት፣ የመረጠችው እማዬ ናት።»

አስካለ ከኋላ ወንበር ላይ ሻንጣዋን ታቅፋለች።

የመረጠችበትን ምክንያት እኔ አውቃለሁ። እዚያ ከተማ ዳር አንድ ግቢ አለ። የሶሻሊስቱ መንግሥት ሲወድቅ ከየአደባባዩ የነቀሏቸውን ሐውልቶች ሰብስበው ያኖሩበት ነው። ሜሮን በስልኳ ፎቶውን ስታሳየን አስካለ ስልኩን ተቀብላ ቶሎ አልመለሰችም። ካፖርት የደረበው መላጣው የሩሲያ ሰውዬ አለበት። ስሙን በአፌ አልጠራም ብዬ ከማልኩ ቆይቷል፣ እዚህም አልጽፈውም። የኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል።

ሂትሮው

ቼክ ኢን አድርገን ቁጭ አልን። አንድ ሻይ የተሸጠልን ዋጋ አገር ቤት ግማሽ በግ ይገዛ ነበር። አስካለ ጾም ናት፣ ሻዩን ያለ ወተት ጠጣች። እኔ በዚህ መሀል ነገሩን ላውራችሁ፣ አለዚያ የሄድንበት አይገባችሁም።

አስካለ አንድ ወንድም ነበራት፣ ይልማ የሚባል። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ወጣ፣ ምሳውን ከድና ጠበቀችው፣ ገድለውት ኖሯል። ሬሳውን አልሰጡንም። የቀበሌ ሰዎች መጥተው ከዚህ ቤት የለቅሶ ድምፅ እንዳይሰማ አሉን። ድንኳን አልተተከለ፣ ጎረቤት በራችንን እያየ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ነፍስ ይማር ያለን ሰው የለም፣ ማን ደፍሮ?

ሟቹም ገዳዮቹም የዚያኑ መላጣ ሰውዬ መጽሐፍ ነበር የሚያነቡት። ይሄ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ኋላ አዲስ አበባ ላይ ሐውልት ሲያቆሙለት ቀበሌው በሰልፍ አወጣንና አጨብጭቡ አለን። አስካለ አጨበጨበች። አጠገቧ ነበርኩ፣ እጆቿን አይቻቸዋለሁ።

ሐውልቱ ሲወርድ እኛ በስደት ለንደን ገብተናል። የምርጫው ጊዜ፣ በዘጠና ሰባት፣ ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች በቴሌቪዥን ሲያለቅሱ አየች። «እነሱስ አለቀሱ» አለችና ተነስታ ሳህን አጠበች። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እናስደርግለት፣ አልቅሺና ይውጣልሽ ብላት አሻፈረኝ አለች።

«በዚያ ሐውልት ፊት አጨብጭቤያለሁ። በሱ ፊት ካላለቀስኩ እርሜ አይወጣም።»

እኔ ደግሞ ለዚያ ሰውዬ ሐውልት የመግቢያ ሳንቲም አልከፍልም አልኩ። በዚህ ተጣልተን ነው አውሮፕላን የገባነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ቡዳፔስት

ከተማው ያምራል፣ ልጄ አልዋሸችም። ትልቅ ወንዝ መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል፣ ድልድዮቹ ከድንጋይና ከብረት ናቸው፣ ሕንፃው አርጅቶም ደረቱን ነፍቷል። ገንዘባቸው ዜሮው ብዙ ነው፣ ሽንት ቤት ለመግባት በመቶ ይከፈላል። ሰዉ ቶሎ አይስቅም፣ መንገድ ሲጠየቅ ግን ቆሞ ያሳያል።

ገበያ ገባን። በየደጃፉ ቀይ በርበሬ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። አስካለ እንደዚያን ሰዓት ፊቷ ሲፈታ አላየሁም። ባለሱቋ የተፈጨውን በማንኪያ ሰጠቻት፣ አሸተተች፣ ቀመሰች።

«ይሄ ቀለም ነው፣ በርበሬ አይደለም» አለችኝ በአማርኛ።

ባለሱቋ አሞገሰችኝ ብላ ደስ አላት። ስለዚህ አንድ ከረጢት ገዛን።

ማታ ዳቦና የተጠበሰ ቃሪያ በላች። እኔ ሥጋ ያለበት ሾርባ አማረኝ፣ እሷ እያየችኝ ግን አልወርድልህ አለኝ፣ ድንች በላሁ።

ቅዳሜ፣ የሐውልቶቹ ግቢ

ታክሲ ያዝን፣ አስካለ ሻንጣዋንም ይዛዋለች። ሹፌሩ በኔ ዕድሜ ያለ፣ ሪዙ የሸበተ ሰው ነው። እንግሊዝኛው እንደኔው ስብርባሪ ስለሆነ በደንብ ተግባባን።

«ከየት ናችሁ?» አለኝ።

«ከለንደን። ከኢትዮጵያ።»

«እናንተም ጋ ነበረ?» ብሎ በእጁ መላጣ ሠራ።

«ነበረ።»

«አሁንስ?»

«በጀርባው ተጋድሞ አንድ ጓሮ ውስጥ ተጥሏል ይላሉ።»

ሳቀ። «የኛዎቹ ጡረታ ወጥተው ነው። እንደኔና እንዳንተ ቆመው መኪና ያያሉ።»

ይህን ለአስካለ አልተረጎምኩላትም። ወድቆ ታየዋለች ብዬ ነበር የማስበው። ቆሞ ብታገኘው ምን ልትሆን ነው?

ግቢው ከከተማ የወጣ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ አጥንት ይገባል። የጡብ አጥር አለው፣ በሩ ላይ በትንሽ ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቲኬት ትቆርጣለች። ወታደሮች፣ ባንዲራ የያዙ፣ እጅ የሚጨባበጡ፣ ሁሉም ከነሐስና ከድንጋይ፣ ከአጥሩ በላይ ይታያሉ። ቆመዋል።

«ቆሟል እኮ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እንኳን ቆመ» አለች። «ለወደቀ ሰው ምን ተብሎ ይለቀሳል? ፊት ያስፈልገኛል።»

ሻንጣዋን ከፈተች። ነጠላ ነው ያመጣችው። ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለሐዘን አጣፋችው፣ ቲኬቷን ቆርጣ ገባች።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። አልከፍልም ብያለሁ፣ አልከፍልም። እጄን ኪሴ ከትቼ የቆሙትን መኪናዎች ማየት ጀመርኩ፣ ሹፌሩ እንዳለው።

ጥቂት እንደቆየሁ ድምፅዋን ሰማሁ። ከተጋባን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያን ድምፅ ከሷ ሰምቼው አላውቅም።

«ደብተሩን ይዞ የወጣው፣
ምሳው ተከድኖ የቀረው፣
አፈሩን ማን አለበሰው?
ይልማዬ…»

ብቻዋን የምታለቅስ ሴት ዓይቼ የምቆም ሰው አይደለሁም። ገንዘቡን በመስኮቱ ወረወርኩት፣ መልሱንም አልጠበቅኩ።

ሐውልቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። ሰውዬው ካፖርቱን ደርቦ ከራሷ በላይ ሩቅ ያያል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የልጁን ስም አብሬ ጠራሁ፣ ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም።

አስጎብኚ ያላቸው ወጣቶች መጡ። አንዱ ፎቶ አነሳን። ሌላው ጡጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ «ኮምሬድ» አለ፣ ለሐውልቱ የምናለቅስ መስሎት። ቲኬት የምትቆርጠዋ ሴትዮም የወረቀት መሐረብ ይዛ መጣች፣ ሐውልቱን አሳየችኝና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ትወዱት ነበር?» አለችኝ።

«ኖ» አልኳት። «የሷ ወንድም። ተማሪ። በሱ ስም ገደሉት።»

«መቼ?»

«ሠላሳ ምናምን ዓመት። ማልቀስ ክልክል ነበር።»

ሴትዮዋ ወደ ወጣቶቹ ዞራ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ብትል አስጎብኚው ወደ ወዲያኛው ጥግ ወሰዳቸው። ሄዳ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አመጣችልን። ከዚያም እጇን አጣምራ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ከጎናችን ቆመች። ቋንቋችንን አታውቅም፣ ለቅሶ መድረስ ግን ታውቅበታለች።

አስካለ ድምፅዋ ሲዘጋ ተነሳች። ሰውዬውን ከጫማው እስከ መላጣው አየችው። ትተፋበታለች ብዬ ነበር፣ አልተፋችም።

«በቃኝ። እንሂድ፣ ብርድ ነው» አለች።

እሁድ፣ ሂትሮው ተመለስን

ነጠላውን አላወለቀችም። ሆቴልም፣ አውሮፕላንም፣ ፓስፖርት ሰልፍ ላይም እንዳጣፋችው ናት። አንዳንዱ ዞር ብሎ ያያል፣ ጌጥ ይመስለዋል።

ሻንጣ የሚወጣበት አጠገብ አንዲት ሴት ወለል ትወለውላለች። ፊቷ የአገር ሰው ነው። አስካለን አየች፣ ጥለቱን አየች፣ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ መጣች። ስትናገር ከኤርትራ መሆኗን አወቅሁ።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት እናቴ። ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ወንድሜ» አለች አስካለ።

«ዛሬ ነው የሰሙት?»

አስካለ አሰብ አደረገች።

«የሰማሁት ድሮ ነው። ያለቀስኩት ትናንት ነው።»

ሴትየዋ ሌላ አልጠየቀችም። ጓንቷን አውልቃ ትከሻዋን ሳመቻት። «ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ ወደኔም ዞራ «ነፍስ ይማር አባቴ» አለችኝ።

ይልማ ከሞተ ጀምሮ ይህን ያለን የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ሜሮን መኪና ይዛ ውጭ ትጠብቀናለች። «ሪላክስ አደረጋችሁ?» ስትል የእናቷን ነጠላ አየችና ቃሏ በግማሽ ቀረ። መንገድ ላይ አስካለ እራሷ ነገረቻት። ልጃችን አጎት እንደነበራት ታውቃለች፣ ምሳው ተከድኖ እንደቀረ ግን ያኔ ነው የሰማችው።

ቤት ስንደርስ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፍን። ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

እንግዲህ ዌምብሊም፣ ሰቨን ሲስተርስም፣ ሌላም ሰፈር ያላችሁ ወገኖች፣ አስካለ ወንድሟ ሞቶባታል። ዘገየ አትበሉ። በሩ አልተቆለፈም፣ ገፋ አድርጋችሁ ግቡ።