የእቴ ከድጃ ውሸት

በቀደም ከኮምቦልቻ ስመለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር የአደስ ቅቤ ሸተተኝ። ዞር ብል አንዲት ወጣት እናት ወንድ ልጇን ታቅፋለች፤ ፀጉሩ ተጎንጉኖ፣ ቅቤው ቀልጦ በግንባሩ ይወርዳል። ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሊሄድ ሲል፣ አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ አቋረጠችን።

«ልጄ፣ ቁረጪለት ይሄን ፀጉር» አለቻት። «ወንዱን ሴት የምታደርጉት እናንተው እናቶቹ ናችሁ። ኋላ ልቡ ወደ ወንድ ሲሆን ታለቅሳላችሁ።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴት፣ ነገሩ በፀጉር ቢሆን መላጣው ባሌ ሁለት ጊዜ ወንድ በሆነ ነበር!» አልኳት። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት እያየኝ ሳቀ። እኔ ግን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወርጄ ቤቴ እስክገባ ብቻዬን ስነጫነጭ ነበር። የታየችኝ እቴ ከድጃ ናት።

እቴ ከድጃ ልጅ ሳለሁ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። ሹሩባ ሠሪ ናት። ዒድ ሲቃረብ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ በሯ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። መስኮቷ ላይ የቆዳ ልብስ የለበሰች ራዲዮ አለቻት፤ እሷ እያንሾካሾከች ታወራለች፣ እቴ ከድጃ ጭንቅላታችንን በጉልበቷ መሀል ቀርቅራ በወስፌ ፀጉራችንን ትከፍላለች። ያመናል፤ እንጮኻለን። «አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ እንባ ፀጉር ያሳድጋል» ትለናለች። አንቱ ካልናት ደግሞ ትቆጣለች። «አንቱ እያላችሁ አታስረጁኝ! እቴ በሉኝ።»

ወንድ ልጅ አይበረክትላትም ነበር። ወንድ በወንድ ላይ ትወልዳለች፣ ሁሉም ጥርስ ሳያወጣ ይሄዳል። የመጨረሻው ይመር ሲወለድ ያገራችንን ደንብ ያዘች፤ ሞትን ማታለል ነው። ጆሮውን በሳችው፣ ከፍ ሲል ፀጉሩን ጎነጎነችው፣ የኔን አሮጌ ቀሚስ አለበሰችው፣ ስሙንም ዘሀራ አለችው። ሞት ወንድ ፍለጋ ሲመጣ ሴት አግኝቶ እንዲመለስ። «አንቺ ዘሀራ፣ ነይ!» ስትለው «መጣሁ እማ!» እያለ ይሮጣል። እኛም አንቺ እያልነው አብረን አፈር ላይ ስንንከባለል እንውላለን። የወተት ጥርሱ ሲነቀል ሞት ተስፋ ቆርጧል ተባለ፤ ተላጨ፣ ሱሪ ለበሰ፣ ይመር ተባለ።

እንዲህ ያደገ ወንድ በሰፈራችን ሞልቶ ነበር። የኔው ባል አንዱ ነው። እናቱ ጆሮውን ስትበሳው እጇ ከብዶ፣ ቀዳዳው እስካሁን ምስር ያሳልፋል። ይሄ አንቺ እየተባለ ያደገ ሰውዬ ሴት ስታልፍ አንገቱ አብሯት ይሄዳል፤ የልጆቹንም ስም ብዛታቸው እያምታታበት አንዱን ሲጠራ ሦስቱ ይመጣሉ።

ይመር ግን ለሴት ልብ አልነበረውም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ ጥሩ ሠራተኛ ወጣው፤ ልጅ እንጭልህ ሲሉት ግን ፊቱ ይገረጣል። እንቢ ማለት አልቻለምና ከሐርቡ አንዲት ልጅ አጩለት። ኒካው ሊታሰር ሰው ተሰብስቦ፣ ሙክቱ ታርዶ፣ ሙሽራው የለም። ወዲያው ወሬው ደረሰ፤ ይመር ኮምቦልቻ ከአንድ የፋብሪካ ጎረምሳ ጋር ይኖራል፣ እንደ ባልና ሚስት ናቸው ተባለ። የልጅቱ ወንድሞች ዱላቸውን ይዘው ደሴ ወጡ። «ካገኘነው እንገለዋለን» ይሉ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳያፍሩ።

ቅሬው ተሰበሰበ፤ ስንሞት የሚቀብረን የሰፈሩ ሰው። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ከሴቶቹ ኋላ ከአማቴ ጎን ተቀምጫለሁ። የልጅቱ ወንድሞች ከፊት ቆመዋል። የቅሬው ዳኛ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ከድጃ፣ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አላት።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ እያልኩ፣ ቀሚስ እያለበስኩ አሳደግኩት። እኔ ነኝ ሴት ያደረግኩት። እሱ ምን ያርግ? የምትቀጡ ከሆነ እኔን ቅጡ።»

«ይኸው!» አለ አንዱ። «ብያት ነበር!» አለች አንዷ፣ ምንም ብላት የማታውቅ።

እኔ አልቻልኩም። «ኧረ የኔን ባል ጆሮ ማን በሳው ታዲያ? አይጥ ነው?» ብዬ ጮህኩ። አማቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። የልጇን ጆሮ በገዛ እጇ የበሳች፣ ፀጉሩን የጎነጎነች ሴት፣ ትንፍሽ ሳትል መሬት መሬት ታያለች! እቴ ከድጃም ዞር ብላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» አለችኝ። እንዲያ ተቆጥታኝ አታውቅም።

የልጅቱ ወንድሞች ዱላቸውን አወረዱ። «ምስኪን፣ እናቱ አበላሽታው ነው» ብለው መሬት ላይ ተፉና ሄዱ። ይመርን ማንም አልነካው። እሷን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብቻዋ አኖሯት። ልጅ ሲወለድ አትጠራም። ሕፃን ወንድ ከታቀፈች እናቱ ከጭኗ ላይ ትነጥቃታለች፣ በሽታ የምታጋባበት ይመስል። ተደርድረን የምንጠብቅበት ደጇ ሣር በቀለበት።

አንድ ቀን እንጨት ስታስገባ ላግዛት ሄጄ፣ «እቴ፣ ለምን ዋሸሽ? ውሸት እንደሆነ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ወንድሜ ሁሴንም እንደዚሁ ነበር፤ ሴት ሳይወድ ሞተ። እሱን ማን ጎነጎነው? ማን ዘሀራ አለው? እናታችን ወንድ በወንድ ላይ ወልዳ ወልዳ የመጨረሻዋ እሱ ነበር። ከደማችን ያለ ነው፤ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ ይህንኑ አትነግሪያቸውም?»

«እንዲህ ብላቸው ልጄን ይተዉታል? ሰው ጥፋተኛ ካላገኘ አይተኛም። ጥፋተኛው እኔ ልሁንና ልጄ ይደር።»

ይሄው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወላሂ ያንገበግበኛል! ልጇን ከሞት ለመደበቅ ያረገችውን፣ ሁሉም በየቤቱ የሚያረገውን፣ መልሰው ለእሷ ብቻ ኃጢአት አረጉት። ስትሞት እንኳ ቀብረዋት ሲመለሱ «አላህ ጥፋቷን አውፍ ይበላት» አሉ። ጥፋቷን!

የልጅ ልጄ ጤና ኮሌጅ ትማራለች። የሚኒባሱን ነገር ስነግራት፣ «እማ፣ ሁሉም ነገሩ ገና አልታወቀም» አለችኝ። «ግን ከማህፀን ነው፣ ከዘርም አለበት ይላሉ። ብዙ ወንድ ከወለደች እናት፣ የመጨረሻዎቹ ወንዶች ላይ ይበዛል የሚሉም አሉ። እናት አሳድጋ አታመጣውም።»

«ይሄ ወሬ ያኔ የት ሄዶ ነበር?» ብዬ ጮህኩባት፣ እሷ የደበቀችው ይመስል። ምስኪን፣ ደነገጠችብኝ። ኋላ ሳስበው ደግሞ ይባስ ነደደኝ። ከማህፀን ነው ብላቸው ያቺ ሴትዮና መሰሎቿ «ታዲያ ማህፀኑ የማን ነው?» ይላሉ። ቢጎነጉኑት እናት፣ ባይጎነጉኑት እናት! አባትየው የት ነበር? ጫት ቤት?

ያን ቀን ኮምቦልቻ የወረድኩት ይመርን ልጠይቅ ነበር። ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ያ አብሮት የሚኖረው ሰውም ሸምግሏል፤ ሻይ አፍልቶ፣ ስኳሩን ሳልጠይቀው አብዝቶ አመጣልኝ። «አንቺ አሮጊት፣ ገና አልሞትሽም?» አለኝ ይመር። «አንተን ሳልቀብር?» አልኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወሬያችንን እያቆምን፣ ይመር ፓፓያ ልጦ አበላኝ። እሱም ፓፓያ ብቻ ነው የሚበላው። ወንድሞቹ ሁሉም ጥርስ ሳያወጡ ነው የሄዱት፤ ይመር ጥርሱን በእርጅና ጨርሶ፣ በድዱ ይስቅ ነበር።