ከሚዛን በፊት የቀረበ አተካና

ሆሳዕና ላይ ክረምት ሲገባ አቢጋኤል የምትለማመድበት አሮጌ መጋዘን በዝናብ ድምፅ ይሞላል። ጣሪያው ሁሉ ቆርቆሮ ስለሆነ አሰልጣኟ የሚናገረው አይሰማም፤ በእጁ ነው የሚያወራት። መዳፉን ወደ ላይ ሲያነሳ ደረትሽን ቀና አድርጊ ማለቱ ነው፤ ጡጫውን ወደ ሆዱ ሲስብ ብረቱን ወደ ገላሽ አስጠጊው ማለቱ። እሷም ብረቱ ላይ እንዳጎነበሰች፣ ዝናቡ ድምፅዋን እየሸፈነላት፣ ራሷ የገጠመቻትን ታንጎራጉራለች።

ብረቱን አነሳሁት ከራሴም በላይ፤
የእናቴን ዝምታ የሚያነሳ አላይ።

መጋዘኑ ውስጥ ደህና የክብደት ብረት ያለው አንድ ብቻ ነው። የቀረው በዘይት ቆርቆሮ ተሞልቶ የደረቀ ሲሚንቶ ነው። መዳፍ እንዳያንሸራትት የሚቀቡትን ነጭ ዱቄት የትምህርት ቤት ጠመኔ ወቅጠው ያገኙታል። ለጫማዋ ደግሞ አንድ ጫማ ሰፊ ተረከዙ ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ንጣፍ መትቶላታል። በዚህ ሁሉ መሀል ያቺ ልጅ ትቆማለች፤ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጭኗ ሱሪ እምቢ የሚል።

ያ ጭን ብዙ አሰድቧታል። የሰፈሩ ጎረምሶች ያወጡላት ስም "አይሱዙ" ነበር።

"አይሱዙ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!"

"እታለም፣ ስንት ኩንታል ትጭኛለሽ?"

"አንተን ከነአፍህ!" አለች አንድ ቀን። ሳቁ ወደ ልጁ ዞረ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ትከሻዋን በነጠላ ሸፍና፣ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች።

አሰልጣኟ ኃይለሚካኤል የስፖርት መምህር ነው። አባቱ ከሰሜን ለመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሱም እዚሁ ተወልዶ በሆሳዕና አማርኛ የሚያወራ የሆሳዕና ልጅ ነው። አቢጋኤልን ያያት ተማሪ ሳለች የመምህሩን የብረት ጠረጴዛ ብቻዋን አንስታ ከክፍል ክፍል ስታዛውር ነው። በማግስቱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኩን ይዞ መጣና በኦሊምፒክ ክብደት የሚያነሱ ሴቶችን አሳያት።

"ክንዳቸውን አትዪ" አላት። "መስታወት ፊት ክንዳቸውን የሚነፉት የጂም ልጆች ናቸው። ለነዚህ ክንድ ገመድ ማለት ነው፤ የሚስበው ሌላ ነው። ጭኗን እዪ፣ መቀመጫዋን እዪ፤ ከወገቧ እስከ ማጅራቷ ያለውን ጀርባ እዪ። ሆዷ እንኳ ድፍን ነው፤ ያን ሁሉ ብረት በቀጭን ወገብ ማን ይሸከመዋል? ስትቀመጥ ደግሞ ተረከዟ ላይ ልትደርስ ነው፤ ጀርባዋ ግን አልጎበጠም።"

አቢጋኤል ስልኩን ተቀብላ ደጋግማ አየችው። የማታውቃት፣ አገሯን እንኳ የማትጠራላት ሴት፣ የእሷን የአቢጋኤልን ጭን ይዛ መድረክ ላይ ቆማለች፤ ሰውም ቆሞ ያጨበጭብላታል። ያን ቀን ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደችው።

ከዚያ ወዲያ ዓመታቱ በብረት አለፉ። ጠዋት ስናች፤ ብረቱን ከወለል ነቅሎ በአንድ ትንፋሽ ከራስ በላይ ማድረስ። ከሰዓት ክሊን ኤንድ ጀርክ፤ መጀመሪያ ትከሻ ላይ ማሳረፍ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ መግፋት። በመሀሉ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ፣ ጉልበት እስኪዝል። መዳፏ ተልጦ ደረቀ፤ ቅልጥሟን ብረቱ እየፋቀው ቆዳው ጠቆረ። ሰውነቷ እየጠበቀ፣ እየከበደ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ፊት የማይፈራ ሆነ። ውድድሯ በሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ምድብ ነበርና ከዚያ በላይ መመዘን አልተፈቀደላትም፤ የበላችውንም የጠጣችውንም ኃይለሚካኤል ያውቀዋል።

የማያነሱት ሸክም ግን ሞርሲቶ አጠገብ ባለ መንደር ውስጥ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ገነቴ ስለ ብረቱ የተናገሩት አንዴ ብቻ ነው። እንሰት እየፋቁ ሳሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ በሀዲይኛ እንዲህ አሏት።

"ወንድምሽ የወጣብኝ ከገበያ እህል ተሸክሜ ስመለስ ነው። መንገድ ላይ። ሳያለቅስ ነው የወጣው። እኔ ቸግሮኝ ተሸከምኩ፤ አንቺ ወደሽ ትሸከሚያለሽ።"

ከዚያ በኋላ ዝም። አቢጋኤል ሰንበት በመጣች ቁጥር ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ይጫወታሉ፤ ስለ ብረቱ ግን አንዲት ቃል የለም። ሲስሟት እንኳ ጉንጯን ስመው እጃቸውን ይሰበስባሉ እንጂ ትከሻዋን አያቅፉም።

ዕድሉ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አዲስ አበባ ላይ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ሊካሄድ ነው፤ ከየምድቡ አንድ ሰው ይያዛል። የተያዘው ደሞዝ፣ ማደሪያ፣ ደህና ብረት፣ ከአገር ውጪ ውድድር ያገኛል። ያልተያዘው ወደ ሲሚንቶው ይመለሳል። አቢጋኤል በምድቧ የሚያሰጋት ሰው አልነበረም። ኃይለሚካኤል ሚዛን ላይ አቁሟት፣ "ልክ ነሽ" አለ። "ከገደቡ በታች የሆንሽው ግን በጥቂት ግራም ነው። እስክንመዘን ድረስ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጉሮሮ ማርጠቢያ ውኃ፣ ሌላ የለም። አደራ፣ አቢ።"

በዚያው ቀን መልእክት መጣ። እናቷ ሳትሄድ ትምጣ ብለዋል።

ልትቆጣኝ ነው ብላ እየፈራች ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ አክስቷ ውቢት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ጎረቤቶች። መሀል ላይ በትልቁ የሸክላ ጻሕል የቀረበው አተካና ነበር፤ ቡላው በወተት የተገነፋ፣ ቅቤው ዙሪያውን ኩሬ የሠራ። ይሄ ለአራስ፣ ለዘመን መለወጫ፣ እጅግ ለሚከበር እንግዳ የሚሠራ ነው። ያን ያህል ቅቤ የተጠራቀመው በአንድ ሳምንት እንዳልሆነ አቢጋኤል አየች። እናቷ ዝም ብለው ሳሉ፣ ያን ጊዜ ሁሉ፣ እያጠራቀሙላት ነበር።

"ተቀመጪ" አሉ ወይዘሮ ገነቴ። ፀጉሯን ፈትተው ለጋ ቅቤ ቀቡላት፣ ሹሩባ ሠሩላት። ከዚያ ሁለት እጆቻቸውን አንስተው ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። ጫን ጫን አደረጉት፤ አጥንቱን ዳሰሱት።

"ይሄ የእኔ ትከሻ ነው" አሉ። "የእናቴም ነው። ከማን አመጣሽው ብዬ ነው የተቆጣሁት? ሂጂ ልጄ። እግዚአብሔር ከሸክም ጋር ክብር ይስጥሽ።"

"ይቺን ትከሻ የሚያገባ ሰው በሬ መግዛት ይቀርለታል!" አለች ውቢት፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ሳቁ።

እናቷ እጃቸውን ታጥበው አጎረሷት። አቢጋኤል ልትናገር አሰበች። እማ፣ ነገ ሚዛን አለብኝ፤ እማ፣ ይሄን ከበላሁ አልወዳደርም። ልትናገር አፏን ስትከፍት ሁለተኛው ጉርሻ ገባ። የእናቷ ዓይን እንባ ሞልቶታል። እንዲህ ያለ ቀን ዕድሜ ልኳን ስትጠብቅ ኖራ፣ ሲመጣ እንዴት በእጇ ትመልሰው? ወተቱንም ጠጣች። ጻሕሉ ባዶ ሲሆን እልልታው ከመንደሩ ማዶ ተሰማ።

አዲስ አበባ ላይ ሚዛኑ ቀዝቃዛ ነበር። በውስጥ ልብሷ ወጣችበት። መዝጋቢዋ ሴት ቁጥሩን አየች፣ አቢጋኤልን አየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከኪሎው በላይ ነሽ፣ እህቴ" አለቻት። "አንድ ሰዓት አለሽ፤ እስከዚያ አውርደሽ መመለስ ትችያለሽ።"

ኃይለሚካኤል በር ላይ ነበር። "ምን በላሽ?"

"አተካና። እናቴ አበላችኝ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ለምን አልነገርሻትም?"

"ጋሼ፣ ትከሻዬን ነካችኝ።"

እሱ የእናቷን ዝምታ ያውቅ ነበር። የዝናብ ልብሱን አውልቆ አለበሳት፤ ግቢውን ዙሪያ አብሯት ሮጠ። ውኃ እንዲወጣላት ማስቲካ እያኘከች ምራቋን ኮዳ ውስጥ ተፋች። ላቧ በዝናብ ልብሱ ውስጥ እየወረደ ጫማዋን ሞላው። ያ ለብረት የተሠራ ጭን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ተመልሳ ስትመዘን ጥቂት ቀርቷል። እንደገና ሮጠች። አሁንም ጥቂት ቀርቷል። ኃይለሚካኤል ከአንዲት ነርስ መቀስ ለምኖ መጣና ፊቷ ቆመ፤ እንዴት እንደሚላት ጠፋው። እሷ መቀሱን ከእጁ ወሰደች። ትናንት የተሠራውን ሹሩባ ከሥሩ እየያዘች ቆረጠችው። ፀጉሩ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ወጣችበት። ሚዛኑ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ቆመ። አንዲት ሲኒ ውኃ የምታህል ነገር ናት የተረፈችው። ሰዓቱ አበቃ። መዝጋቢዋ ስሟ ላይ መስመር አሰመረች።

ውድድሩን ከተመልካች ጋር ተቀምጣ አየችው። በምድቧ ያሸነፈችው ሳምሪ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ጨዋ ናት። ያነሳችው ግን አቢጋኤል በዚያ መጋዘን ውስጥ፣ ዝናብ እየሰማች፣ እያንጎራጎረች የምታነሳውን አያህልም። ሰው ቆሞ አጨበጨበላት። አቢጋኤልም ቆማ አጨበጨበች፤ የተላጠ መዳፏ እስኪያማት።

እናቷ አስፋልቱ ዳር ወጥተው ይጠብቋት ነበር። ከሚኒባሱ ስትወርድ ሻሹን አዩት፤ ሳብ አድርገው ገለጡት።

"ፀጉርሽስ?"

"እዚያ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፣ እማ። ይቆረጣል።"

"ውድድሩስ?"

መንገዱን ሁሉ መልስ ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። እውነቱን ብትነግራቸው፣ የልጄን ዕድል በገዛ እጄ አጎረስኩት ብለው ዕድሜያቸውን ይኖራሉ፤ ሳያለቅስ የወጣው ልጅ ላይ ሌላ ሐዘን ይደረብባቸዋል።

"አቅም አነሰኝ" አለች። "ሌሎቹ በረቱብኝ።"

ወይዘሮ ገነቴ ጭናቸውን መቱ። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! ይሄን ሁሉ ዓመት ፊቴን አዙሬብሽ፣ በአንድ ቀን ምግብ ጉልበት ይመጣል? ግዴለም ልጄ። ለሚቀጥለው አንቺን ካላበላሁ እናትሽ አይደለሁም።"

ያን ያሉትን ፈጸሙ። ሰንበት በሰንበት ቅቤው፣ ቡላው፣ እርጎው ይቀርባል፤ በእጃቸው ያጎርሷታል፤ ትከሻዋን እየደባበሱ፣ "አሁን ነው የበረታሽው" ይሏታል። እምቢ ካለች ምክንያት መናገር አለባት፤ ምክንያቱን ከተናገረች ያ ቀን ይገለጣል። ዝም ብላ እምቢ ካለች ደግሞ ያ የድሮው ዝምታ ይመለሳል። ስለዚህ ትበላለች። ሳምንቱን ሙሉ በባዶ ሆድ ለማካካስ ሞከረች፤ ብረቱ ሥር ራሷን ስታ ወደቀች። ከሃምሳ ዘጠኝ ወጣች። ቀጥሎ ባለው ምድብ ያሉት ልጆች ረጃጅሞች፣ አጥንታቸው ትላልቅ ነው፤ እሷ የምታነሳው እዚያ ምንም አይደለም።

"ንገሪያት" አላት ኃይለሚካኤል። "እኔ ልንገራት ካልሽም እነግራታለሁ።"

"ከነገርካት ሁለተኛ እዚህ አልመጣም፣ ጋሼ።"

እሱም አልተናገረም። ለሚቀጥለው ምርጫ ማንን እንደሚልክ ሲጠየቅ ጵርስቅላ የምትባል የጊምቢቹ ልጅ ስም ሰጠ። ስሙን የሰጠ ዕለት አቢጋኤልን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። እሷ ግን መምጣቷን አልተወችም። ጵርስቅላ ስትለማመድ ሲሚንቶውን ትጭንላታለች፤ ስትጨርስ ደግሞ ተራዋን ጠብቃ ለራሷ ታነሳለች።

አንድ ቅዳሜ የመጋዘኑ በር ተከፈተና ወይዘሮ ገነቴ ገቡ። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ምግብ ይዘዋል። ልጃቸው ብረት ስታነሳ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። ኃይለሚካኤል ወንበር ሊያመጣ ሲሮጥ እጁን ይዘው፣ በሚሰባበር አማርኛቸው፣ "ግዴለም መምህር፣ እኔ እዚህ" ብለው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

"አቢ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። "ምርጫው ደርሷል አይደል? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል።"

ጵርስቅላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ኃይለሚካኤል የተዘጋውን መስኮት ሊዘጋ ሄደ።

አቢጋኤል ጠመኔውን መዳፏ ላይ አሸች፣ ብረቱ ላይ ጎንበስ አለች፣ ደረቷን ቀና አደረገች። ነቀለችው። ትከሻዋ ላይ አረፈ። ትንፋሿን ያዘች፤ ገፋችው፤ ከራሷ በላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወይዘሮ ገነቴ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እልል አሉ፤ ቆርቆሮው ድምፃቸውን አብዝቶ መለሰው።

በውድድር ቢሆን ይሄኔ አውርጂ ትባል ነበር። እዚህ ማንም አላላትም። ካወረደችው እናቷ መልሰው ይጠይቋታል። ክንዶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ጉልበቷም ተከተለ፤ እናቷ እልልታቸውን አላቋረጡም፤ እሷም ብረቱን እንደያዘች ቆመች።