ልብ የሌለው ቅርጫ

በሰፈራችን ቅርጫ ልብ እንደማንኛውም ሥጋ ይከፋፈላል። ጉበቱም፣ ጨጓራውም፣ ልቡም ተቆራርጦ ለየመደቡ ይደርሳል እንጂ ሙሉውን ይዞ የሚሄድ የለም። መዳቢው አባቴ ነበር። ኑሮው ከቡናው ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ግን በቢላዋው ነበር። እሱ በኮባ ቅጠል ላይ የደረደረው መደብ ዕጣ ባይጣልበትም ሰው አይጣላበትም።

እንግዲህ አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ "ሙሉውን ልብ ስጠኝ" ያልኩት ይህን ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን በሩ ላይ "ላብራቶሪ" የሚል የተጻፈበት ክፍል ነበረው፤ ውስጡ ያለው ግን ለምርት ዘመቻ የምንቆፍርበት ዶማ ነው። በምደባ የመጣው የባዮሎጂ አስተማሪያችን፣ አንቱ ሲባል የሚቆጣ ወጣት፣ በሩን ከፍቶ አየና ሳቀ። "ዶማውን ተዉት፤ መስቀል ሲደርስ ልብ አምጡልኝ" አለን።

"ለማን ነው?" አለኝ አባቴ።

"ለትምህርት ነው አባዬ።"

"ልብማ ለትምህርት ያስፈልጋል። ግን የኔ ብቻ አይደለም።"

የመስቀል ዕለት በሬው ተገፎ ሳለ ቢላዋውን አስቀምጦ ማኅበርተኞቹን ጠየቀ። የቀበሌው ሊቀመንበርም የቅርጫው ተካፋይ ነበሩ፤ ጉሮሯቸውን ስብሰባ ላይ እንዳሉ ጠራረጉና "ጓዶች፣ ልጆቹ ልብ እንዲገዙ እኛ ለዛሬ ልብ ብናጣ ምን ይለናል?" አሉ። ሳቁ ውሳኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ በመንገድ ባለፈ ቁጥር ሴቶቹ "ልብ የሌለው ቅርጫ መዳቢ መጣ" እያሉ ይተርቡት ነበር።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን አንድም ስም አላስጻፈንም። "ስሙን መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ዛሬ ጨብጡት" አለ። በየተራ በአውራ ጣታችን ግድግዳውን ተጫንን። አንደኛው ወገን ወፍራም፣ ሌላው ስስ ነው። ለምን? እሱ አይነግረንም፤ ተከራከሩ ይላል። ስሱ ደሙን እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ብቻ እንደሚልክ፣ ወፍራሙ ግን እስከ እግር ጣት ድረስ እንደሚገፋ እየተጯጯህን ደረስንበት። ከዚያ በጆግ ውሃ አንቆረቆረበትና ጨመቀው፤ ውስጥ ያለችው ስስ መዝጊያ ግጥም አለች፣ ውሃው ወደ ኋላ አልተመለሰም። በሁዳዴ የእኛ ቅርጫ ሲቋረጥ ከሙስሊሞቹ ሰፈር ልብ መጣልን። "ከክርስቲያኑ ልብ የሚለይበትን ጻፉ" ብሎ አዘዘን። በቤታችን የአንዱ ሥጋ ከሌላው ድስት አይገባም፤ ወረቀታችን ላይ ግን የሚጻፍ ልዩነት አጥተን ባዶውን መለስን። እሱም ለሁላችንም ሙሉ ማርክ ሰጠን።

ማትሪክ አልፌ የጤና ኮሌጅ ገባሁ። እዚያ የጠበቁኝ በማይክሮስኮፕ የተጫወቱ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የሚጠጡ የትልልቅ ከተማ ልጆች ናቸው። እኔ ከሚባለው ግማሹን ነበር የምሰማው። አንድ ቀን አስተማሪው በጠርሙስ የተቀመጠ ነገር አሳይቶን አንዱ "ኩላሊት" ብሎ መለሰ። ይህንንስ አውቀዋለሁ ብዬ እጄን አወጣሁ። "ይቅርታ፣ ኩላሊት አይደለም። ኩላሊት እንደ ቡና ፍሬ ጉብ ጉብ ብሎ የተጠጋጋ ነው።"

"እሱ የበሬ ነው" አለ አስተማሪው። "ይኸኛው የሰው ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከየት እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ ደግሞ እውነቱን ተናገርኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ቅርጫ" ሆነ። በጣም አመመኝ። የመጀመሪያ ፈተናዎቼም ዝቅተኛ ነበሩ፤ አናቶሚን ከወደቅኩ የምባረር መሆኔ ግልጽ ነበር። መባረሩን ብቻዬን ብሆን እችለው ይሆናል። ያ ሁሉ ጎረቤት ልቡን ሰጥቶኝ እንዴት ባዶ እጄን እመለሳለሁ?

የተግባር ፈተናው ቀን ትሪ ላይ የበሬ ልብ ተዘቅዝቆ ተቀምጧል። የደም ሥሮቹ ከሥራቸው ስለተቆረጡ አቅጣጫው አይታወቅም። "ግራውን አሳዩኝ" ነው ጥያቄው። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ ስሞቹን ሁሉ በላቲን ሳይቀር አንበለበላቸውና ጣቱን ቀኙ ላይ አሳረፈ።

እኔ ማየቱን ትቼ ጨበጥኩት። አውራ ጣቴ ያውቀዋል።

"ይህ ነው ግራ።"

"በምን አወቅሽ?"

"ወፍራም ነው" አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። "ሩቅ ስለሚገፋ።" ከዚያ ውሃ ስጡኝ አልኩ። ፈታኙ ግራ ገብቶት አስመጣልኝ፤ አንቆረቆርኩና ጨመቅኩት። መዝጊያዋ ልክ ሚዛን ተፈሪ እንዳየናት ግጥም አለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ።

"ሁለተኛ ደረጃ የት ነው የተማርሽው?"

"ሚዛን ተፈሪ!" ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ።

"ጥሩ ላብራቶሪ አላችሁ ማለት ነው።"

"አለን" አልኩ። ዶማዎቹ ትዝ ብለውኝ ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

በኋላ እኔም የጤና ተማሪዎችን አስተምሬያለሁ። የመግቢያ ውጤቱን ብቻ አይቶ ይህ ጎበዝ፣ ያ ሰነፍ የሚል ሰው ዛሬም ያናድደኛል። ማትሪክ ከበሩ ያስገባል፤ ከገቡ በኋላ የሚያቆየው ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ "ለምን?" እያለ የለመደ እጅ ነው። እኛ ያን እጅ ይዘን ነው የወጣነው። በዚህ እኮራለሁ፤ ትሕትና ይቅርብኝ።

አናቶሚን አልፌ ለእረፍት ሚዛን ስገባ መስቀል ነበር። ቅርጫው ቦታ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሊቀመንበሩ ጮኹ።

"አንቺ ልጅ፣ ልባችንን ምን አደረግሽው?"

"አለፍኩበት!"

እልልታው ቀለጠ። አባቴ ግን ቀና አላለም፤ ዓይኑን እንዳላይበት መሆኑ ገብቶኛል። ልቡን ከበሬው አወጣና ቢላዋ ሳያሳርፍበት በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ከመደቦቹ ለይቶ አስቀመጠው። ለማን እንደሆነ አንድም የጠየቀ የለም። ለትምህርት ቤቱ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን እዚያ የሚማር የእኛ ቤት ልጅ አልነበረም።