አጎቴ በረቱን የከፈተ ዕለት

ልጅ ሳለሁ እንደ አጎቴ እንደ ዳልኬ ያናደደኝ ሰው የለም። ነፍሱን ይማረውና፣ ወሬ ሲያወራ አፉ ማር ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣለት ነበር። እኔን ግን አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። ያኔ እኔና እናቴ ጉኑኖ አጠገብ እሱ ቤት ተጠግተን ስንኖር፣ ሲመሻሽ ከብቶቹ ገብተው ከምሰሶው ወዲያ በኩል ከታሰሩ በኋላ፣ የእሳቱ ጭስ ከእበቱና ከላሞቹ ትንፋሽ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሲሞላው፣ አጎቴ በርጩማውን ወደ ፍሙ ጠጋ ያደርግና ይጀምራል። የጅብ ተረት ያወራል፣ የጦጣ ተረት ያወራል፤ እሱን እወድለታለሁ፣ ምንም አልልም። ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ግን ያቺው ታሪኩ ላይ ነው፤ እሱና ጓደኞቹ ከገሱባ በላይ የነበረውን የጣሊያን ምሽግ በጠራራ ፀሐይ እንዴት እንደደፈሩት።

ታሪኩን እስኪሰለቸኝ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጣሊያን ገብቶ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ምሽጉ የአባቴ መንደር ራስጌ፣ ጉብታው ላይ ነበር፤ ሁለት ነጮችና ለጣሊያን ያደሩ ሃያ የማይሞሉ አስካሪ የሚባሉ ጥቁር ወታደሮች ይጠብቁታል። የበቅሎዎቻቸውን ሣር የአካባቢው ሰው በየተራ አጭዶ ተሸክሞ እንዲያመጣ ታዟል። እነ አጎቴ አሥራ አንድ ሆነው ከጉኑኖ በኩል የአንድ ቀን መንገድ መጡና ሣር አጨዱ፤ ጠመንጃቸውን በሸክሙ መሃል ጠቀለሉ። ከዚያ የገሱባ ገበያ በቆመበት ቀን፣ ግማሹ ወታደር ገበያ ወርዶ፣ የቀረው ምሳውን በልቶ ጥላ ሥር ሲጋደም፣ ወገባቸውን አጉብጠው በትልቁ በር ገቡ።

«አንዱ አስካሪማ ዛሬስ ደህና አድርጋችሁ አመጣችሁ ብሎ አመሰገነን» ይላል አጎቴ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ሰውም ይስቃል። ከዚያ ሸክሙ መሬት ተጣለ፣ ጠመንጃው ወጣ፣ ወተት ፈልቶ እስኪገነፍል በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ምሽጉ ተያዘ። ግማሹ ወታደር ሞተ፣ ግማሹ ካቡን ዘሎ ወደ ገደሉ ሸሸ።

«ከዚያስ?» እላለሁ እኔ።

«ከዚያማ አለቀ። በይ እሳቱን ቆስቁሺው።»

አለቀ! እንዴት ነው ያለቀው? አልቆ ቢሆን ኖሮ እኔና እናቴ በሰው ቤት ምን እንሠራ ነበር? አባቴስ የት ሄዶ ነው? እኔ ያን ሁሉ ምሽት ጭስ ዓይኔን እየለበለበኝ የምቀመጠው ለሣሩና ለጠመንጃው አልነበረም። አጎቴ አንድ ቀን ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ያላለቀውን እንዲያወራልኝ ነበር የምጠብቀው። «አባትሽን ያስያዝኩት እኔ ነኝ» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። እሱ ደግሞ እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ ግትር በቅሎ ይቆማል።

ስለዚህ ያላለቀውን እኔ ላውራ፤ በዓይኔ ያየሁት ነውና። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ የምሽጉ ወታደሮች ለቀለብ ብለው የመንደራችንን ላሞች ነድተው ወሰዱ፤ የጦሩ መሆናቸው እንዲታወቅ ዳሌያቸው ላይ በሬንጅ ወፍራም መስመር አሰመሩባቸው፤ ምሽጉ ሥር በእሾህ አጥር በረት ዘጉባቸው። የኛዋ ላም ቡሬም አብራ ሄደች። ጥጃዋ ቤት ቀርታ ቀንም ሌትም ስትጮህ ትውል ታድር ነበር። እንግዲህ አጎቴ ምሽጉ እንደተያዘ ያን በረት ከፈተው። እሱ ራሱ ነው የከፈተው፤ ይህን አይክድም፤ ታሪኩ ውስጥ ግን እንደ ዋዛ ነው የሚያልፈው፣ «በረቱንም ከፈትን» ብሎ።

ላም ደግሞ በኛ አገር ከሰው ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር የምታድር ናት። ቤቷን ታውቃለች፤ ልጆቹን ታውቃለች፤ የትኛው ጥግ የሷ እንደሆነ ታውቃለች። በረቱ ሲከፈት ማንም ሳይነዳቸው ቁልቁለቱን ወረዱና፣ በእንሰቱ መሃል ባለው መንገድ እየተከፋፈሉ፣ እያንዳንዷ የየራሷን ደጅ ይዛ ቆመች። ለቡሬ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ጡቷ ተወጥሮ ነበር። እናቴ እልል ልትል ስትል አባቴ አፏን በእጁ ያዘው፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ያ አባቴን ሲስቅ ያየሁበት የመጨረሻው ጊዜ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

አባቴ ሬንጁን አየው፤ አላየውም አልልም። በእንሰት ቅጠል ጠረገው፣ በአመድ አሸው፣ አልለቅ አለው። «ነገ እናየዋለን» አለ። እንዴ! ምን ነገ አለ? ዛሬም ድረስ ሳስበው ደሜ ይፈላል። መንደር ሙሉ ሰው ነበር፤ ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳን «ኧረ ተዉ፣ ይህ ምልክት ያስይዘናል፣ ላሞቹን ቆላ እንስደዳቸው» አላለም። ሁሉም ላሙን አስገብቶ፣ አልቦ፣ ጠጥቶ ተኛ።

በማግስቱ ጥዋት ከሶዶ የመጣው ጦር ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። በየቤቱ እየገባ የላም ዳሌ ማየት ብቻ ነበር ሥራው። ሬንጅ ያለባት ላም የተገኘችበትን ቤት ወንድ አውጥተው አሰሩ፣ ጣሪያውን በእሳት ለኮሱ፣ ላሟን መልሰው ነዱ። የታሰሩት ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኙም አንዲት ጥይት ያልተኮሱ፣ ሣር ከማጨድ በቀር ምሽጉ ደጅ ያልደረሱ ሰዎች። የተኮሱት ያኔ ጉኑኖ ሊገቡ ተቃርበዋል። አባቴን ሲያወጡት የቡሬን ገመድ እንደያዘ ነበር፤ አስካሪው ነጠቀው። ወደ ሶዶ ነዷቸው። ከወራት በኋላ አራቱ ተመለሱ። አባቴ አልተመለሰም፤ የት እንደወደቀም የነገረን የለም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው ፍሙ አጠገብ ተቀምጦ «አለቀ» የሚለኝ። መጨረሻውን እንደማይነግረኝ ስረዳ ነገሩን በመጀመሪያው በኩል ያዝኩት። «አጎቴ፣ ከዚህ ተነስታችሁ የኛን መንደር ምሽግ የመታችሁት ለምንድን ነው? እዚሁ ሶዶ መንገድ ላይ ሌላ ምሽግ የለም እንዴ?» እለዋለሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም የምጠይቀው እሱኑ ነው። እሱ ግን በየምሽቱ ሌላ መልስ አለው። አንድ ቀን «ለአገር ነዋ!» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ሌላ ቀን የምሽጉ ሹም አንድ ሽማግሌ በጥፊ መትቶ ነበር ይላል። ሌላ ቀን ጥይት አልቆባቸው፣ እዚያ ሁለት ሳጥን እንዳለ ሰምተው ነው። አንድ ቀን ደግሞ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አለቃቸው እግሩን እያሳከከው ረጅም መንገድ መሄድ አምሮት ነው አለኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተነስቼ ከጥጆቹ ጋር ሄጄ ተቀመጥኩ።

እናቴ በዚህ ሁሉ አንድ ቃል አትተነፍስም። እንሰት ትፍቅ ከሆነ ትፍቃለች፣ ገመድ ትፈትል ከሆነ ትፈትላለች። እሱም ዝምታዋ ያበሽቀኝ ነበር። ባሏ እኮ ነው! ወንድሟን አንድ ቀን እንኳን «ምን አደረግከኝ» አትለውም?

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ክረምት ነበር፤ ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ሰው ሥራ ፈትቶ አጎቴ ቤት ተሰብስቧል። ቦይና፣ ያ እንደ ድንች ያለው ሥራ ሥር፣ ተቀቅሎ እየተላጠ ይበላል። አጎቴ ታሪኩን ጀመረ። ሣሩ ታጨደ፣ አስካሪው አመሰገነ፣ ምሽጉ ተያዘ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጉልበቱን እየመታ «አይ ዳልኬ! እንዲህ ያለ ወንድ ዛሬ የት አለ!» አለ። ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን አስቤ አልተናገርኩትም፤ ሦስት ዓመት አፌ ውስጥ ሲላወስ የነበረ ነገር ነው።

«አላለቀም!» ብዬ ጮህኩ። «በረቱን ከፈተ። ላሞቹ ቤት መጡ። ጣሊያን በላሞቹ ዳሌ እያየ አባቴን ወሰደው። ይኼው ነው መጨረሻው። እሱ ግን እዚህ ተቀምጦ ይስቃል!»

ሽማግሌው የያዘውን ቦይና መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። አጎቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ተነሳ፣ ማጭዱን ከግድግዳው ላይ አወረደ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ሰዎቹም አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እየወጡ ሄዱ።

እናቴ መጀመሪያ በጥፊ መታችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«አንቺ ዓይን አውጣ» አለች። «ላሟን ማን ፈለጋት? እስኪ ንገሪኝ፣ ማን ፈለጋት?»

የተመታውን ጉንጬን ይዤ ወደ ፍሙ ዞርኩ።

«ቡሬ ከተወሰደች ጀምሮ ምግብ የሚባል አልቀመስሽም። ቦይና ሲሰጡሽ ትተፊያለሽ፣ ቆጮ ሲሰጡሽ ትወረውሪያለሽ፤ የቡሬን ወተት፣ የቡሬን ወተት ብቻ ነው ለቅሶሽ። ሰባት ዓመት የሞላሽ ልጅ እንደ ጨቅላ! አጥንትሽ ወጣ። ሞተች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አባትሽ ተይ እያለኝ ጉኑኖ ድረስ አጎትሽ ዘንድ ሰው የላክሁት እኔ ነኝ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ እንደምንም ብለህ ላሟን አስመልስልኝ ብዬ። ጓደኞቹ ጥይት ፈልገው ይሆናል፣ ለአገርም ብለው ይሆናል። ያን ምሽግ ይሁን ያለው ግን እሱ ነው። በረቱን ሲከፍትም ቡሬን ብቻ ነጥሎ ሊያወጣት ይችል ነበር። እሷ ብቻ ብትጠፋ ወደ ቤታችን ይመራቸዋል ብሎ ነው ሁሉንም የለቀቃቸው። ሬንጁን አላሰበውም። ማን አሰበው? እኔስ አሰብኩት?» አይኗን በቀሚሷ ጠረገች። «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል። ይኼው፣ መሐላዬንም አስበላሽኝ።»

ያኔ የተሰማኝን በደንብ አድርጌ መናገር አልችልም። አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ የተናደድኩበት ሰው ከእጄ ወጣብኝ፤ በምትኩ ማንን ልያዝ? የሰባት ዓመቷን እኔን? እናቴን? ላሟን? ምነው ያኔ ቦይናውን ዝም ብዬ በልቼው ቢሆን! እንዲህ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ሌላው ስምንት ቤት የተቃጠለው፣ ያ ሁሉ ልጅ አባቱን ያጣው፣ እኔ ቆጮ ወርውሬ ነው ብሎ ማሰብ ለአንዲት ልጅ ይከብዳል። አጎቴ ይህ እንደሚከብደኝ ገና ድሮ ገብቶት ነበር፤ ለዚህ ነው እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚቆመው።

ሲመሻሽ ተመለሰ። ማንም ያላዘዘውን የእንሰት ቅጠል አንድ ሸክም ቆርጦ፣ በስብሶ፣ ውሃው ከጋቢው እየተንጠባጠበ መጣ። በርጩማውን ወደ ፍሙ ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ። አላወራም። ላሞቹ ያመሰኳሉ፣ እናቴ እሳቱን እፍ ትላለች። ቤቱ እንደዚያ ጭር ብሎ አያውቅም። መቼም ያን ዝምታ መቻል አልቻልኩም።

«አጎቴ» አልኩት፣ «ያን ምሽግ ለምን ነበር የመታችሁት?»

እናቴን አያት። እናቴ ቀና አላለችም። እኔን አየኝ፤ ብዙ አየኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አልነገርኩሽም እንዴ?» አለ። «እነዚያ ጣሊያኖች አንድ ጉደኛ አውራ ዶሮ ነበራቸው። ጩኸቱ ጉኑኖ ድረስ እየመጣ እንቅልፍ ነሳን። በመጨረሻ አለቃችን፣ በቃ፣ አንድ ነገር እናድርግ አለ።»

«ደግ አደረጋችሁ» አልኩት።

ሳቀ። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና ጭሱን ሰደበ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ እየደጋገምኩ እጠይቀው ነበር፤ እሱም እየፈጠረ ይመልስልኝ ነበር፤ አንዱም እውነት አልነበረም። እናቴ ብቻ በጠየቅኩት ቁጥር ትወጣና ደጅ ቆማ ትመለስ ነበር።

አሁን እኔ አርጅቻለሁ፤ የምኖረው ሶዶ ነው። የልጅ ልጄ አስተማሪ ናት። በቀደም ዕለት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣችና «እማማ፣ ያ ምሽግ የተመታበት ምክንያት ምን ነበር? ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ነው» አለችኝ። ምክንያት፣ ምክንያት! ሁሉም የሚፈልገው አንድ መስመር ላይ የሚጻፍ ምክንያት ነው። «ለአገር ነው» አልኳት ፈጠን ብዬ። ጻፈችው። ሣሩን ነገርኳት፣ አስካሪው ማመስገኑን ነገርኳት፤ እሷም እንደዚያ ጊዜው ሰው ሳቀች።

«ከዚያስ እማማ?»

አለቀ፣ እሳቱን ቆስቁሺው ልላት አፌን ከፈትኩ። ቤቱ ውስጥ የሚቆሰቆስ እሳት የለም፤ ከጣሪያው አምፖል ነው የሚያበራው። ፊቷን አየሁት። ከማን እንደወረሰችው የማታውቀው ግንባር አላት፤ የአባቴን ግንባር።

«ደብተሩን እጠፊውና ቁጭ በይ» አልኳት። «ከዚያ ላሞቹ ወደየቤታቸው መጡ።»