ትከሻዋን እንጂ ፊቷን አላየም

ሸዋ ሮቢት ትምባሆ እርሻ ሥራ የገባሁ ዕለት ካቦው ጋሼ ታደሰ አንድ ረጅም የብረት መርፌና አንድ ጥቅል ሲባጎ ሰጡኝ። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ቅጠሉን በአንገቱ በኩል ትወጊዋለሽ፣ ጀርባ ለጀርባ ታደርጊዋለሽ፣ ሲባጎው ሲሞላ ዘንግ ላይ ትዘረጊዋለሽ ብለው አሳዩኝና ሄዱ። ዘንጉ ከዚያ ወደ ማድረቂያ ቤት ይገባል። እስከ ምሳ ድረስ ከቅጠሉ ይልቅ ጣቴን ወጋሁ።

ማታ እጄን ሳየው ጠቁሯል። የትምባሆ ቅጠል ሙጫ አለው፤ በውሃ አይለቅም። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ በአመድና በሎሚ ፈትጊው አለችኝ። ሳትታጠቢ ጣትሽን ከላስሽ፣ ሬት ማር ነበር ትያለሽ ብላ ሳቀችብኝ። እሷ ከአሊዩ አምባ በኩል የመጣች ናት፤ ሳትቀልድ መርፌ አታነሳም።

የሥራው ደረጃ እንዲህ ነበር። ከሁሉ በታች ኩትኳቶ ነው፤ መስክ ላይ፣ በሮቢት ፀሐይ። ከዚያ በላይ እኛ ሰኪዎች አለን፤ ሥራችን ዳስ ውስጥ ነው። ከእኛ በላይ የደረቀውን ቅጠል በቀለሙ የሚለዩት መራጮች፣ ከዚያ የየዳሱ ካቦ። ከካቦው በላይ ያሉትን የምናያቸው በመኪና ሲያልፉ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ዳዴ የምትል ልጅ ነበረችኝ። አባቷ አልነበረም፤ ዘመድም በቅርብ የለኝም። መስክ ላይ ልጅ ይዞ መምጣት አይፈቀድም። ዳሱ ውስጥ ግን ጥግ ላይ ጨርቅ አንጥፌ አስቀምጣታለሁ፤ ስታለቅስ ማንም ቅርብ ያለ ያነሳታል። ከዳሱ ብወጣ ልጄን የምጥልበት አልነበረኝም። ይህንን ያዙልኝ።

መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩት በሻይ ቤት በኩል ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ ሹፌር አንድ ልብ ወለድ ረስቶ ሄደ። ባለ ሻይ ቤቷ ሽፋኑን ገንጥላ ስኳር ስትጠቀልልበት ደረስኩና የቀረውን ለመንኳት። ስለዚህ የመጽሐፉን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያም አስኳላ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ሄጃለሁ። ለማንበብ ይበቃል።

በምሳ ሰዓት ለራሴ ሳነብ ሴቶቹ ጮክ አድርጊው አሉኝ። ሥራ ሲጀመር ማቋረጡ ከበዳቸው። እትዬ አስካለ መላውን አመጡ፦ እኛ የእሷን ድርሻ ተካፍለን እንሰካለን፣ እሷ ታንብብልን። እትዬ አስካለ የአባታቸውን ርስት ለማስመለስ ቀወት ወረዳ ፍርድ ቤት እየተመላለሱ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ውል ማሰር ያውቁበታል። ጋሼ ታደሰ ዘንጉ እንደ ወትሮው ከሞላ እኔ ምን ቸገረኝ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ነጻ፤ ሴቶቹም ሥራ እንደማትነካ ሙሽራ ቆጥረው ሙሽራዋ ይሉኝ ጀመር።

ታሪኩን የሚያወራው አንድ ባለ ሱቅ ነው። «እኔ» እያለ ነው የሚናገረው። ሚስቱን እንዴት እንደ ወደዳት፣ እንዴት እንደ ከዳችው፣ ስንት እንደ ተቃጠለ። ሰውዬው አንደበቱ ማር ነው። ሴቶቹ መርፌያቸውን እየወጉ አለቀሱለት። ጋሼ ታደሰም ምሰሶውን ተደግፈው ሲሰሙ አያቸዋለሁ፤ ቀና ስል ዘንግ የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

ከዚያ ሚስቱ ትታው የምትሄድበት ቦታ ደረስን። እንዲህ ይላል ሰውዬው፦ እኔ ከሱቄ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ነበር፤ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀችብኝ ነበር።

ዳሱ ተናወጠ። አንዷ መርፌዋን ጣለች። እትዬ አስካለ የሴት መርገምት፣ ይህች ደጃፍም አይቁምላት ብለው ረገሟት። እኔ ደስ አላለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የአንድ ወገን ወሬ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ቆዩ፣ ይሄ የባልየው ቃል ነው፤ የእሷን ማን ሰማ አልኩ። ዘይነባ ከእኔ ጋር ሆነች። ሌሎቹ ከእትዬ አስካለ ጋር። መጽሐፉ ታጥፎ ጭቅጭቁ ቀጠለ፤ እጅም ቆመ። ሥራ ሲያበቃ ዘንጉ ሳይሞላ ቀረ፤ የተቀጠፈው ቅጠልም ወለል ላይ ጠወለገ።

ያን ዕለት ማድረቂያ ቤት የዋሉት ጋሼ ታደሰ ተመልሰው ወለሉን አዩና መጽሐፉ ይብቃ፣ አንቺም ነገ ወደ ኩትኳቶ አሉኝ።

ልጄን አንስቼ ፊታቸው ቆምኩ። ይህች ልጅ ፀሐይ ላይ የት ትቀመጣለች ልል አስቤ ነበር፤ ግን ልመና እንዳይመስልብኝ ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ያለዎት ማነው?»

የመራጮቹ ካቦ ነው አሉኝ፤ ከወዲያኛው ዳስ ሆኖ የእኔ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማ እንደ ነበር ነግሯቸዋል።

«እሱ ከግድግዳ ወዲያ ነበር። ድምፅ ሰማ እንጂ የማን እጅ መጀመሪያ እንደ ቆመ አላየም። እርስዎም እኔን ሳይሰሙ ፈረዱ። እንግዲያው ከባለ ሱቁ በምን ይሻላሉ?»

 ጋሼ ታደሰ መጽሐፉን እንደ እኛው ሲሰሙት ስለ ከረሙ ነገሩ ገባቸው፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ። እትዬ አስካለ ይህን ሲያዩ ገቡበት። ነገሩ ሙግት ነው፣ ሙግት ደግሞ በዳኛ ያልቃል፤ ነገ በምሳ ሰዓት ከግራሩ ሥር እርስዎ ዳኛ ይሁኑና ይለቅልን አሉ። ጋሼም ተስማሙ። ጭቅጭቁ በምሳ ሰዓት ካለቀ ዳሱ ውስጥ እቀራለሁ፤ ካላለቀ ግን መኮትኮቻዬን አነሳለሁ።

በማግስቱ ከግራሩ ሥር ተሰበሰብን። እትዬ አስካለ ለባልየው ቆሙ፤ ነጠላቸውን እንደ ፍርድ ቤት አደግድገው። ሰውዬው ዓይኔ አየ ብሏል፣ የዓይን ምስክር ካልታመነ ምን ይታመናል ብለው ተቀመጡ። አማረላቸው። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ልጄን አጥብቄ ያዝኩ።

ለሚስቲቱ ዘይነባ ተነሳች። መጀመሪያ አንድ ቦታ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሰውዬው ሚስቴ አስባልኝ አታውቅም እያለ የሚያማርርበት ነው። እዚያው ላይ፣ አምሽቶ ሲገባ ራቱ ተከድኖ እንደ ጠበቀው፣ ከሰሉም ገና ፍም እንደ ነበረ ይናገራል። ዘይነባ ወደ ሴቶቹ ዞረች። እናንተ የማድረቂያ ቤት እሳት የምታውቁ ናችሁ፣ ከሰል ማንም ሳይነካው እስከ ውድቅት ፍም ሆኖ ይቆያል ወይ አለች። አይቆይም አሉ። እንግዲህ የማታስበው ሴት ስታራግብ አምሽታለች፣ ይህንንም የነገረን ራሱ ከሳሹ ነው አለች።

ከዚያ ጀርባዋን ለጋሼ ታደሰ ሰጥታ ቆመች። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግኩ ነው?»

 ዘይነባ ባሏን የቀበረችው በዚያው ዓመት ነበርና የጋሼ ታደሰ ፊት ተለወጠ። «ታለቅሻለሽ፤ ይብቃሽ ልጄ፣» አሉ።

ዘይነባ ዞረች። በሳቅ ልትፈነዳ ነው፤ ጥርሷ ሁሉ ወጥቷል።

«ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ከአራት ክንድ ላይ ሆነው ስተዋል። እሱ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ነበር። ትከሻዋን እንጂ ፊቷን አላየም።»

ግራሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም የሆነውን ሳታውቅ አጨበጨበች። እትዬ አስካለ ብቻ አልሳቁም፤ ያስቡ ነበር። አንዷ ታዲያ ጸሐፊው ዋሸን ማለት ነው አለች። ይህን ጊዜ እትዬ አስካለ ተነሱ፤ የባልየውን ወገን ይተዋሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

«ጸሐፊው አልዋሸም። ጸሐፊውና ባለ ሱቁ ሁለት ሰው ናቸው። ፊቷን ሊያሳየን ቢፈልግ ያዞራት ነበር። ከሰሉንም ያስቀመጠልን እሱ ነው። ሰውዬውን አስለፍልፎ ለእኛ አሳልፎ ሰጠን።»

ጋሼ ታደሰ ፍርዳቸውን ሰጡ። የባልየው ቃል ተሰምቷል፤ ሚስቲቱ እስክትቀርብ ድረስ ፍርድ የለም። በሉ ወደ መርፌያችሁ።

መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ሚስቲቱ አልቀረበችም፤ ሰውዬው ብቻውን ሲያወራ አለቀ። ግን ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ አላለቀሱለትም። አንድ ነገር አየሁ ባለ ቁጥር ከወዲህ ከወዲያ «ከየት ቆሞ?» ይሉታል፤ እጃቸው ግን አይቆምም። ዘንጉም እየሞላ ዋለ። ልጄ መሄድ የተማረችው እዚያው ዳስ ውስጥ ዘንግ እየያዘች ነው።

በኋላ ብዙ መጽሐፍ አነበብን። ስለ ሁለት ሙሽሮች በሚያወራው አንዱ ላይ የሚተርከው ሰው «እኔ» አይልም፤ በታሪኩ ውስጥም የለበትም፤ የሁሉን ልብ ግን ያውቃል። ይሄስ የት ነው የቆመው ብዬ ጠየቅሁ። ዘይነባ ይሄ ሰማይ ላይ ወጥቷል፣ አስተግፊሩላህ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ የሙሽራዋንም የሙሽራውንም ልብ ከነገረን የአማቲቱን ለምን ደበቀን ብላ መርፌዋን አቆመች። ልክ ነበረች፤ ተንኮሉ ሁሉ ከአማቲቱ ወጣ።

ጋሼ ታደሰ ጡረታ ሲወጡ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ያችን የባለ ሱቁን ሚስት ቀጠሮ ላይ እንዳለች ትቻት ሄድኩ አሉኝ።

ሥራው ያስተማረኝ ይህን ነው። በልብ ወለድ የሚተርክላችሁ ሰው የሚነግራችሁ ከቆመበት የታየውን ነው። የት እንደ ቆመ ሳታውቁ አትፍረዱ።